የአቶ ተካ የመብራት ደብተር

ሮምን አይቶ የተመለሰ ሰው ስለ ፍርስራሹ ሲጠየቅ አፉ አያርፍም። እኔ በስምንት ቀን ውስጥ ጠጋ ብዬ ያየሁት ፍርስራሽ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የራሴ ስሌት ነበር። ስለ ሐውልትና ስለ ፏፏቴ ለማንበብ የጓጓችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሮም ሄዳችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማትሄዱ፣ እዚያ የደረሰብኝን ከመነሻው እነግራችኋለሁ።

ቅዳሜ

ሻንጣዬን ከመቆለፌ በፊት ይዤ ስለሄድኩት ጉዳይ ልናገር። አዲስ አበባ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ አራት ዓመት ሙሉ ደግሞ ለዶክትሬቴ ከአንድ ጥያቄ ጋር ስታገል ከርሜአለሁ። የፀሐይ ጋዝ ከሙቀቱ ብዛት ኤሌክትሮኑ ከአቶሙ የተላቀቀ ነው፤ ፕላዝማ ይባላል። በውስጡ የመግነጢስ መስመሮች ያልፋሉ። አቅጣጫቸው ተቃራኒ የሆኑ መስመሮች ተገፍተው ሲገናኙ ይበጠሱና እንደገና ከጎረቤታቸው ጋር ይቀጠላሉ፤ ያን ጊዜ ታምቆ የኖረው ጉልበት ይፈታል። ፀሐይ ላይ ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ያልቃል። የጥንቱ ስሌት ግን ወራት ይፈጃል ይላል፤ ምክንያቱም መስመሮቹ የሚበጠሱበት ቦታ ረጅምና እጅግ ስስ ንጣፍ ነው፤ ከሁለቱም ጎን የሚገባው ጋዝ መውጫው በጫፎቹ ያሉት ጠባብ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። ጃንሜዳ የሞላ ሕዝብ በአንዲት የግቢ በር ይውጣ እንደማለት ነው።

ንጣፉ ሲሰባበር ግን ነገሩ ይለወጣል። እንደ ደሴት ይቆራረጣል፣ በየመካከሉ አዲስ በር ይከፈታል፣ ፍጥነቱም ባንዴ ያሻቅባል። ይህን ከእኔ በፊት ሌሎች በኮምፒውተር አይተውታል። የእኔ አዲስ ነገር፣ ንጣፉ ማንም ሳይነካው፣ ከተጠበቀው ጊዜ እጅግ ቀድሞ፣ በራሱ መሰባበሩ ነበር። ሮም ለሚካሄደው የተመራማሪዎች ስብሰባ የተጠራሁት በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ የዶክትሬት ጽሑፌም የቆመው በእሷ ላይ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንድናገር ተመደብኩ።

አንዱን ስሌት በእኛ ቤተ ሙከራ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። መብራት ደግሞ ሦስት ሳምንት አይታገስም። በጠፋ ቁጥር የመጠባበቂያው ባትሪ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ስድስት ደቂቃ ነው፤ የስሌቱን ቁጥሮች ሁሉ ለማስቀመጥ ግን አሥር ደቂቃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ቁጥር በአሥራ ስድስት አሃዝ ይዞ ያሰላል፤ እኔ ሲያስቀምጥ ሰባቱን ብቻ እንዲይዝ አዘዝኩት። በአምስት ደቂቃ ያልቃል፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። በዚህ ዘዴዬ ምን ያህል እኮራ እንደነበር ብነግራችሁ ትስቃላችሁ።

ጠዋት ልሰናበት ቤተ ሙከራ ስሄድ አቶ ተካ በር ላይ ጠበቁኝ። አቶ ተካ ቴክኒሺያናችን ናቸው፤ ጡረታቸው ተቃርቧል። በወጣትነታቸው የቴሌፎን ማዞሪያ ላይ ስለሠሩ ያልተመዘገበ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጥሩታል። ማንም ሳያዛቸው መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን፣ የጠፋበትን ሰዓትና ደቂቃ፣ የመጣበትን ሰዓትና ደቂቃ በደብተር ይጽፉና ይፈርማሉ። ሊያልቅ ግማሽ ገጽ የቀረውን ደብተር አቀበሉኝ።

«ይዘሽው ሂጂ» አሉኝ።

«አቶ ተካ፣ እዚያ ምን ያደርግልኛል?»

«ሥራው ለምን ዘገየ ብለው ቢጠይቁሽ ማስረጃ ነው። መዝገብ ነውና በእጅሽ ይመለስ።»

ላስቀይማቸው አልፈለግሁም። ሮም ለሚያሳርፉኝ ለእትዬ ዘነበች ከያዝኩት በርበሬ ሥር ሸጎጥኩት።

እሑድ

ፊዩሚቺኖ ስናርፍ ገና እየነጋ ነበር። የፓስፖርቱን ሰልፍ በሰላም አለፍኩ፤ ሻንጣዬ ግን ተፈተሸ። ፈታሹ በርበሬውን አሽትቶ አስነጠሰውና ደብተሩን ገለጠ። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። መብራት የጠፋበት ሰዓት ነው አልኩት። ወደ መጨረሻው ገጽ ገልብጦ ፊርማዎቹን ካየ በኋላ ባልደረባውን ጠርቶ አሳየው። ሁለቱም ሳቁ፤ ነገር ግን በሁለት እጁ ነው የመለሰልኝ።

ባቡሩ ተርሚኒ ጣቢያ ሲያደርሰኝ እትዬ ዘነበች ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመዋል። እትዬ ዘነበች የእናቴ የልጅነት ጎረቤት ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሮም ኖረዋል፤ ዘጠና ዓመት የሞላቸው አንዲት ሲኞራ ቤት አዳሪ ሆነው ይሠራሉ። አገላብጠው ሳሙኝና ሻንጣዬን ነጠቁኝ። እንዴት አድርጌ ልቀማቸው፤ ጉልበታቸው የእኔን እጥፍ ነው።

«አሎራ፣ ስሚኝ» አሉኝ እየሄድን፤ አማርኛቸው መሐል ጣልያንኛ ጣል ያደርጋሉ። «እኔ ማታ ወደ ሲኞራዬ እመለሳለሁ። ቤቱ የአንቺ ነው። እስከ ሐሙስ የሚመጣ የለም።»

ቤቱ ኤስኲሊኖ ሰፈር ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የማን ቤት እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። እንደ እትዬ ዘነበች በሰው ቤት አዳሪ ሆነው የሚሠሩ አምስት ሴቶች በጋራ ተከራይተውታል። የሚያርፉት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው፤ እሑድን ግን ሌሎቹ ቤተ ክርስቲያን ውለው ከዚያው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ፤ በቀረው ቀን ቤቱ ባዶውን ይውላል፣ ባዶውን ያድራል። አምስት አልጋ፣ አምስት ስማቸው የተጻፈበት ቁም ሣጥን፣ አምስት ጥንድ ነጠላ ጫማ በር ሥር ተሰልፎ። እኛ ሰፈር አንድ ክፍል ለስምንት ሰው ሲጠብ አውቃለሁ፤ ሰው ናፍቆት የሚውል ቤት ግን ያየሁት እዚያ ነው። እትዬ ዘነበች የሐሙስ ቤት ይሉታል።

ምሳ ፓስታ በሥጋ አበሉኝና ቁልፉን ሰጡኝ። የኮምፒውተሬ መሰኪያ ግድግዳው ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር አልገጥም ብሎ አስቸገረኝ። እትዬ ዘነበች መሳቢያቸውን ከፍተው እፍኝ ሙሉ አስማሚ አወጡ።

«ከአገር የሚመጣ እንግዳ ሁሉ በዚህ ነው የሚጀምረው» አሉኝ። «አንዱን ውሰጂ። ሐሙስ ደግሞ ለምሳ ካልመጣሽ እናትሽ ጋ ነው የምደውለው፤ እወቂው!»

ሰኞ

ስብሰባው የሚካሄደው ከከተማው ወጣ ባለ የምርምር ተቋም ነው። በሜትሮ እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። አውቶቡሱ ላይ ወጥቼ ቲኬቴን በእጄ ይዤ በክብር ተቀመጥኩ። እኛ አገር ቲኬት ከቆረጡ ቆረጡ ነው፤ እዚያ ግን ከቆረጡ በኋላ ማሽን ውስጥ ከትቶ ማስመታት ያስፈልጋል። ተቆጣጣሪው መጥቶ ንጹሕ ቲኬቴን አየና ፊቱ ተለወጠ። አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት በጣልያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩት፤ ትርጉሙን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሰውዬው ግን ቲኬቴን ራሱ ወስዶ አስመታልኝ።

በተቋሙ ሲልቪያ የምትባል ተመራማሪ ተቀበለችኝ። በኢሜይል ብቻ ነበር የምንተዋወቀው። ከእኔ አንድ አምስት ዓመት ትበልጣለች፤ ስትናገር ትፈጥናለች፤ ቡናዋን ቆማ በሁለት ጉንጭ ጨርሳ እኔ ስኳሬን ሳላማስል ትሄዳለች። ከጠረጴዛ ጋር የተቋሙን ትልቅ ኮምፒውተር መግቢያ ቃል ሰጠችኝ።

«የአንቺ የሦስት ሳምንት ስሌት እዚህ በአንድ ቀን ያልቃል» አለችኝ። «ለዓርብ የተሻለ ምስል ከፈለግሽ ድገሚው።»

እንዲያው ባልሰማኋት የሚያሰኝ ጊዜ ነበር። የያዝኩት ምስል በቂ ነበር። እኔ ግን የበለጠ የሚያምር አማረኝና ያንኑ ስሌት፣ በዚያው መነሻ ቁጥር፣ ፊደል ሳልቀይር አስጀመርኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ማክሰኞ እና ረቡዕ

ማክሰኞ ረፋድ ስከፍተው ንጣፉ እንዳለ ተኝቷል። ስስ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ። ደሴት የለ፣ በር የለ። አዲስ አበባ ላይ ተሰባብሮ ባለቀበት ጊዜ ሮም ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል። ተሳስቼ ሌላ ፋይል ያስጀመርኩ መስሎኝ መስመር በመስመር አመሳከርኩት። አንድ ነው። እንደገና አስጀመርኩት። ረቡዕ ጠዋትም ያው።

ሲልቪያን ጠራኋት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና መጀመሪያ የጠረጠረችው እኔም የጠረጠርኩትን ነው። በኮምፒውተር ስናሰላ ቦታውን እንደ ሒሳብ ደብተር በጥቃቅን አራት ማዕዘን እንከፋፍለዋለን። አራት ማዕዘኖቹ ከንጣፉ ውፍረት ጋር ሲተያዩ ትልልቅ ከሆኑ፣ መስመሮቹ በፊዚክሱ ሳይሆን በእኛ ሻካራ ክፍፍል ምክንያት ይበጠሳሉ። ንጣፉ ያለበትን ጠባብ ስፍራ ብቻ ለይተን አራት ማዕዘኖቹን በግማሽ አሳንሰን እስከ ማታ ሞከርነው። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ክፍፍሉ ጤነኛ ነው።

«የእናንተ ኮምፒውተር ምን የተለየ ነገር ያደርጋል?» አለችኝ።

«ይዘገያል» አልኳት። ሌላ የታየኝ አልነበረም።

ረቡዕ ቀን የጾም ስለሆነ በተቋሙ ምግብ ቤት ያገኘሁት ደረቅ ዳቦና ሰላጣ ነው፤ እሱንም ትቼው ተነሳሁ። አራት ዓመት ማለት ቀላል አይደለም። ሜትሮው ውስጥ ቆሜ ከራሴ ጋር ተነጋገርኩ። የያዝኩት ምስል አለ፤ ተሰባብሮ ይታያል፤ ከሲልቪያ በቀር የሮሙን ስሌት ያየ የለም፤ እሷም ብትሆን ስህተቱን አላገኘችውም። ዝም ብዬ ያንኑ ባሳይ ማን ያውቃል? ይህን ማሰቤን አልደብቃችሁም። አፈርኩም፣ ተናደድኩም። ቤት ስደርስ ግን እልህ ያዘኝ። ምክንያቱን ሳላውቅ ቆሜ ከምናገር ርዕሴን ሰርዤ ብቀመጥ ይሻላል፤ ምክንያቱን ደግሞ ሳላገኝ አልቀመጥም አልኩ። አምስቱ ባዶ አልጋዎች ምስክሮቼ ናቸው።

ሐሙስ

ጠዋት ሁለት ንግግር ሰማሁና የእትዬ ዘነበችን ዛቻ ፈርቼ ለምሳ ተመለስኩ። በሩን ስከፍት የት እንደገባሁ ጠፋኝ። ያ ጭር ያለ ቤት ሞልቷል። አምስቱም ሴቶች የሳምንት ልብሳቸውን ተሸክመው መጥተዋል። አንዷ ካውያ ይዛለች፣ አንዷ ምድጃ ላይ ቆማለች፣ ላዛኛው ፎርኖ ውስጥ ነው፣ ልብስ ማጠቢያው ይሽከረከራል። ከሁሉም የምታንሰው አስካለ ጸጉሯን ታጥባ መስታወት ፊት ቆማለች። ሁሉም ባንድ ላይ ያወራሉ። የሳምንት ዝምታቸውን የሚያወጡት በዚያች ከሰዓት ነው።

«መጣች ዶክተሯ!» አሉ እትዬ ዘነበች። «አስካለ፣ ወንበር ልቀቂላት።»

አስካለ ወንበሩን እየሰጠችኝ በሌላ እጇ የጸጉር ማድረቂያውን ሰካች። ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማን፤ ቤቱ ጸጥ አለ። ፎርኖው ጠፋ፣ ካውያው ጠፋ፣ ልብስ ማጠቢያው እየተንገዳገደ ቆመ።

«ኤኮ! ኮንታቶሬው ዘለለ» አለች አስካለ። ቆጣሪው ከልኩ በላይ ሲጫኑት ራሱን ያጠፋል፤ ሐሙስ ሐሙስ ልማዱ ነው።

«ስንቴ ልንገርሽ!» አሉ እትዬ ዘነበች። «ላቫትሪቼው ልብስ እያጠበ፣ ፎርኖው እየጋገረ ጸጉር አይደረቅም። አሁን ምድር ቤት ድረስ የምወርደው እኔ ነኝ።» ቁልፍ አንጠልጥለው ወረዱ።

እኔ ሳላስበው ሰዓቴን አይቼ መዳፌ ላይ እየጻፍኩ ነበር። አስካለ አየችኝ።

«ምን እየጻፍሽ ነው?»

«መብራት የጠፋበትን ሰዓት።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ልማዴን እንዳስረዳቸው የአቶ ተካን ደብተር ከሻንጣዬ አመጣሁ። ተቀባበሉት። «ውይ፣ ፊርማውን እዩት!» «ይሄ ቀን እኔ አገር ቤት ነበርኩ፣ ሠርግ ላይ፣ እውነቱን ነው፣ ጠፍቶ ነበር!» አስካለ ሮምም ካልተመዘገበች ብላ አስገደደችኝና በመጨረሻው ገጽ ላይ ጻፍኩ፤ ሐሙስ፣ ሮም፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ።

በዚህ መሐል መብራት መጣ። ልብስ ማጠቢያው ካቆመበት ቀጠለ። ከበሮው ግን ሲቆም ልብሱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተከምሮ ኖሮ፣ እንደገና ሲሽከረከር ግድግዳውን ይደልቀው ጀመር። ማሽኑ እየዘለለ ከቦታው ለቀቀ። አንደኛዋ ሮጣ ተደገፈችው።

«ባይቆም እኮ ደህና ነበር» አለች። «ሲያቋርጥ ነው የሚበላሸው።»

ቆሜ ቀረሁ። ካቆመበት ቀጠለ፤ ግን እንደነበረ አልቀጠለም። የእኔም ስሌት መብራት በጠፋ ቁጥር ካቆመበት ቀጥሏል። ሰባት አሃዝ ይዞ፣ ዘጠኙን ጥሎ። የተጣለው ከቁጥር የማይገባ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ አራት ማዕዘን ላይ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች ነቅነቅ ያደርገዋል። ያንን ስስ ንጣፍ «ማንም ሳይነካው» ተሰባበረ ያልኩት እኔ፣ መብራት በመጣ ቁጥር በገዛ እጄ ስነካካው ኖሬአለሁ። ሮም፣ ተቋሙ ውስጥ፣ መብራት አልጠፋም፤ ስለዚህ የነካው የለም፤ ስለዚህ ተኝቷል።

የላዛኛውን ሳህን ገፋ አድርጌ ኮምፒውተሬን ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩ። የአዲስ አበባውን ስሌት የፍጥነት ግራፍ በአንድ በኩል፣ የአቶ ተካን ደብተር በሌላ በኩል። አስካለ ሰዓቱን ከደብተሩ ታነባለች፣ እኔ ግራፉ ላይ ጭረት አደርጋለሁ። ከመጀመሪያው ጭረት በኋላ ንጣፉ ላይ በጭንቅ የምትታይ ሞገድ ትነሳለች። ከሁለተኛው በኋላ ታድጋለች። ከሦስተኛው በኋላ ፍጥነቱ ያሻቅባል። አንድም አልሳተም። የአራት ዓመት ምሶሶዬ የመብራት መጥፋት ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ከአምስት ሴቶች ፊት አለቀስኩ።

እትዬ ዘነበች ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቁኝና በአጭሩ ነገርኳቸው። ብዙ አሃዝ ጥዬ በማስቀመጤ ሥራዬ ተበላሸ አልኩ።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ልባቸው ራራ መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መስኪ፣ አሁን የሚታረም ነገር አለው ወይስ የለውም?»

አሰብኩ። የሰበረው ንክኪዬ ነው። ግን ከተሰበረ በኋላ የሮጠበት ፍጥነት፣ እሱስ የእኔ ነው ወይስ የንጣፉ? ይህን ማወቅ ይቻላል። ሙሉውን አሃዝ ይዤ፣ መጠኑን ራሴ የማውቀው ንቅናቄ ብጨምርበት፤ አንድ ጊዜ ትልቅ፣ አንድ ጊዜ መካከለኛ፣ አንድ ጊዜ እጅግ ትንሽ። ሦስቱም ከተሰበሩ በኋላ በአንድ ፍጥነት ከሮጡ ፍጥነቱ እውነት ነው፤ የተሳሳትኩት መቼና ለምን እንደጀመረ ብቻ ነው ማለት ነው።

«አለው» አልኳቸው።

«ቫ ቤኔ፣ መልካም። እንግዲያው ተነሽ፣ በልተሽ ሂጂ። ለነገ የጾም እሠራልሻለሁ።»

አሥር ሰዓት ላይ ተቋሙ ነበርኩ። ሲልቪያ ካፖርቷን ለብሳ ልትወጣ ስትል ደብተሩንና ግራፉን አሳየኋት። አንድ ጊዜ ወደ እኔ፣ አንድ ጊዜ ወደ ደብተሩ አየች። ካፖርቷን አወለቀች። ሦስቱን ስሌት አብረን አስጀመርን።

ዓርብ

ሳምሶናይቴ ውስጥ እትዬ ዘነበች የሰጡኝ እቃ አለ፤ ፓስታ በቲማቲም፣ ያለ ቅቤ ያለ አይብ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ። እሱን ይዤ ጠዋት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ትልቁን ንቅናቄ የያዘው ስሌት ቀደም ብሎ ተሰብሯል። መካከለኛው ዘግይቶ ቀትር ላይ ተሰበረ። ከተሰበሩ በኋላ ሁለቱም በአንድ ፍጥነት ሮጡ፤ የግራፍ መስመሮቻቸው አንዱ በሌላው ላይ ተኙ። ሲልቪያ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። ሦስተኛው ግን አልተሰበረም። ምሳዬን እየበላሁ አየሁት፣ አልተሰበረም። ወደ አዳራሹ እየገባሁ ሲልቪያን ጠየቅኋት፣ አልተሰበረም።

መናገሪያው ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን ርዕስ አንብቤ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ስህተት ነው አልኩ። ቀጥዬ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አሳየሁ። መብራት የጠፋበት ሰዓት መሆኑን ስናገር አዳራሹ ሳቀ። ከፍጥነቱ ግራፍ ጋር አንድ ላይ ሳደርገው ግን የሚስቅ አልነበረም። ለምን ሰባት አሃዝ ብቻ እንዳስቀመጥኩ፣ ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ ሁለቱን አዳዲስ ስሌቶች አሳየሁና፣ ሦስተኛው ገና አልደረሰም፣ ስለዚህ ፍጥነቱ እርግጠኛ ነው አልላችሁም፣ ሁለቱ ይስማማሉ ነው የምላችሁ አልኩ።

አንዱ ታዲያ ዋናው ግኝትሽ ፈረሰ ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ድምፄ እንደፈራሁት አልተቆረጠም።

ከኋላ ረድፍ አንድ ሽበታም ሰው እጃቸውን አነሱ። ስለ ስሌቱ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ተዘጋጀሁ።

«ደብተሩን የጻፈው ማነው?» አሉኝ።

«አቶ ተካ ይባላሉ። የቤተ ሙከራችን ቴክኒሺያን ናቸው።»

«የምስጋናው ገጽ ላይ ስማቸው አለ?»

«የለም።»

«ይግባ» አሉና ተቀመጡ።

ቅዳሜ

ከመነሻዬ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ከእትዬ ዘነበች ጋር ተገናኘሁ። ሲኞራቸው የሁለት ሰዓት ፈቃድ ሰጥተዋቸው ነበር። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አካባቢ አንዲት የሐበሻ ካፌ ወሰዱኝ፤ ሲኒ ሳይሆን ብርጭቆ ሻይ ጠጣን። የዓርቡን ነገር ነገርኳቸው። በብዙ ሰው ፊት ተሳስቻለሁ ማለቴን ሲሰሙ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«እኔ መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ የሲኞራዬን የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውኃ አጥቤ የአሻንጉሊት ልብስ አከልኩት» አሉኝ። «ደብቄው ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ሳወጣው ሳቁ። ሃያ ዓመት ያኖረን ያ ሹራብ ነው፤ አሁንም ሣጥናቸው ውስጥ አለ።»

ለእናቴ ሦስት ኪሎ ፓስታ አሸከሙኝ። ፓስታ አዲስ አበባም እንደሚሸጥ ብነግራቸውም አልሰሙኝም። በማግስቱ ሲመሽ በረርኩ።

መመለሻ

ማክሰኞ ቤተ ሙከራ ስገባ የሲልቪያ መልእክት ቀድሞኝ ደርሷል። ሦስተኛው ንጣፍ እጅግ ዘግይቶ ተሰብሯል፤ ከተሰበረም በኋላ የሮጠበት መስመር በሁለቱ ላይ ልክ ተኝቷል። ፍጥነቱ የንጣፉ ነው። የእኔ የነበረው መነካካቱ ብቻ ነው። ለብቻዬ እልል ልል ቃጣኝ፤ ከዚያ ግን ርዕሴን፣ መግቢያዬንና ሁለት ሙሉ ምዕራፍ እንደ አዲስ መጻፍ እንዳለብኝ ትዝ አለኝና ተቀመጥኩ። ከሁሉ በፊት የጻፍኩት የምስጋናውን ገጽ ነው።

አትሜው ወደ አቶ ተካ ይዤው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና እጃቸውን ዘረጉ።

«ደብተሩስ?»

አቀበልኳቸው። ከመረከባቸው በፊት ገጽ በገጽ አዩት። የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

«የእኔ ነው። ሮም ጠፍቶብን ነበር።»

«ሮም?» አሉ። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አኖሩ። «የመጣበት ሰዓት የለም።»

እውነታቸውን ነው። መብራቱ ሲመጣ እኔ ልብስ ማጠቢያውን እያየሁ ነበር።

«ያልተሞላ መዝገብ አልረከብም» አሉኝና እስክሪብቷቸውን ሰጡኝ።

እትዬ ዘነበች ምድር ቤት ወርደው እስኪመለሱ ስንት ደቂቃ እንደሚሆን መገመት እችል ነበር። ስምንት ከሃያ ብጽፍ በዚህ ዓለም ላይ ሄዶ የሚያመሳክር አንድ ሰው የለም። እኔ ግን በባዶው ቦታ «አልተመዘገበም» ብዬ ጻፍኩ።

አቶ ተካ አነበቡት። ከሥሩ ፈረሙና ደብተሩን መደርደሪያው ላይ ከሌሎቹ ጋር አቆሙት።